ከመሐል ሜዳ፣ ስለዚያች መስመርሽ

መሐል ሜዳ፣ ታኅሣሥ 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ እኅቴ፦

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ካንቺ ናፍቆት በቀር ደኅና ነኝ። እናቴም ደኅና ናት። ቡና በተፈላ ቁጥር «ያቺ ልጅ እንደወጣች ቀረች?» ትለኛለች። ምን ብዬ ልመልስላት? በ2015 ክረምት ኢንተርኔቱ ሲዘጋ የተቋረጠው ወሬያችን ኔትወርኩ ከተመለሰም ወዲህ ሳይቀጠል ቀረ። አንቺ አዲስ አበባ ልጅሽንም ሥራሽንም ይዘሽ፣ እኔም እዚህ የራሴ ጣጣ ይዞኝ፣ ቀኑ ነጎደ። ከዚህ ሁሉ ዝምታ በኋላ ስልክ አንሥቶ «ሃሎ» ማለት ከበደኝና ጻፍኩልሽ።

ያስጻፈኝ ሰርቨሩ ነው። ከሒሳብ ክፍሉ ጥግ አንቺ ተክለሽው የሄድሽው፣ የማኅበሩ የቁጠባና የብድር መዝገብ ሁሉ ያለበት። ገብሱ ተወቅቶ፣ ሰው የሸጠበትን ገንዘብ ሊያስገባ በሚጎርፍበት ሰሞን፣ ማታ አፕዴት ተደርጎ አደረ። ጠዋት ስንገባ ማሽኑ ይነሣል፣ አርማው ይታያል፣ ጽሑፉ ይግተለተላል፣ ጥቂት ቆሞ ድርግም ይላል። ደግሞ ይነሣል፤ ደግሞ ድርግም።

በረንዳው ላይ ባና የተከናነበ ሰው ሞልቷል። ውርጩ ገና ከሣሩ አልለቀቀም። አንዲት እናት በላስቲክ የጠቀለሉትን ደብተር ከጉያቸው አውጥተው ሰጡኝና «ልጄ፣ ያለኝ ይኸው ደብተሩ ላይ አለ፤ መኪናው ቢሞት ገንዘቤ አይጠፋም አይደል?» አሉኝ። «አይጠፋም፣ እማማ» አልኳቸው። ያን ቃሌን ይዤ ነው ክፍሉ የገባሁት። ገቢና ወጪው ለጊዜው በወረቀት ይመዝገብ ተባለና ሥራው በዚያው ቀጠለ።

ሁሉም የሚለው አንድ ነው፦ «መብራቱ ነው»። መብራት ሲጠፋ ማሽኑን በባትሪ የሚይዘው ዩፒኤስ ማርጀቱም እውነት ነው፤ እኔም መጀመሪያ የጠረጠርኩት እሱን ነው። ነገር ግን ልብ ብዬ ሳየው፣ በኃይል ማነስ የሚጠፋ ማሽን አንዴ ሲነሣ፣ አንዴ ከተነሣ በኋላ፣ አንዴም ሥራ ሲበዛበት ነው የሚጠፋው። ይኼ ግን ሁልጊዜ ከአንዲት ቦታ ላይ ነው የሚወድቀው፤ ሰዓቴን ይዤ ባየውም ልዩነት የለውም። ስለዚህ ሲስተሙ ከመነሣቱ በፊት ባለው ማዘጋጃ፣ ባዮስ ውስጥ አስገብቼ ዝም ብዬ ተውኩት። ዲስኩን ሳይነካ፣ ሲስተሙን ሳያስነሣ፣ ስክሪኑ በርቶ እስከ ምሳ ቆየ፤ ንቅንቅ አላለም። ኃይል ሰጪው ፓወር ሰፕላይ ወይም ሙቀቱ ቢሆን ኖሮ እዚያም ሊጠፋ ይችል ነበር። የማሽኑን ጊዜያዊ ማስታወሻ፣ ራሙንም ሌሊት ሙሉ ሜምቴስት በሚባለው መፈተሻ አስፈተሽኩት፤ ንጹሕ ነው። ጥርጣሬዬ ከብረቱ ወደ ሲስተሙ የዞረው ያን ጊዜ ነው።

በዚህ መካከል ከውጭ የመጣ አንድ ባለሙያ ማሽኑን ቆሞ አየና «ፎርማት አድርጉትና እንደገና ይጫን» አለ። አልተቀበልኩትም። ዲስኩ ላይ ያለው የሰው ላብ ነው። ሕመሙ የት እንዳለ ሳይታወቅ ቢጫንስ፣ ያው ነገር ተመልሶ እንዳይመጣ ምን ዋስትና አለ? ይኼን ያልኩት ደፍሬ ነው፤ አሁንም እለዋለሁ።

ጽሑፉ በዓይን የሚያዝ አልነበረም። ስልኬን ስክሪኑ ፊት ደግፌ ቪዲዮ ቀረጽኩትና እያዘገየሁ አየሁት። ከመጨረሻው በፊት አንዲት ምስል ላይ ወጣልኝ፦ ከርነል ፓኒክ፤ ሩት ፋይል ሲስተሙን ማውንት ማድረግ አልተቻለም፤ ብሎኩ አይታወቅም፣ 0 እና 0። የሲስተሙ እምብርት የሆነው ከርነል ሲስተሙ ያለበትን ዲስክ ማግኘት አቅቶት ቆመ ማለት ነው። አንቺ ብትኖሪ ከዚህ በኋላ ያለውን ሳልነግርሽ ታውቂው ነበር።

እንደገና ሲነሣ ከርነሉን መርጦ የሚያስነሣው ግሩብ ላይ አስቆምኩትና «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ከሚለው ስር የቀደመውን ከርነል መረጥኩ። ተነሣ። እሰይ! እንዳልኩ አላረፍኩም፤ ሌላ ነገር ሳልነካ የማኅበሩ መዝገብ ያለበትን የፖስትግሬስ ዳታቤዝ አውጥቼ ውጭ ዲስክ ላይ አስቀመጥኩ። የእማማን ገንዘብ በዓይኔ ካየሁ በኋላ ነው ቁጭ ብዬ ምክንያቱን መፈለግ የጀመርኩት።

ሲስተሙ የሆነውን ሁሉ ከሚጽፍበት ሎግ፣ ከጆርናሉ፣ የቡቱን ማለትም ማሽኑ የተነሣባቸውን ጊዜያት ዝርዝር ከፈትኩ። ያ ሁሉ ሲወድቅ ሲነሣ ያደረበት፣ አንድም መስመር የለም። አፕዴቱ ካለቀበት ሰዓት ቀጥሎ ያለው አሁን በአሮጌው ከርነል የተነሣበት ነው። ሎግ የሌለው ማሽኑ ስላልሞከረ ሳይሆን፣ ሎጉ የሚጻፍበትን ዲስክ ከመክፈቱ በፊት ስለሚሞት ነው። ባዶነቱ ራሱ ቦታውን ጠቆመኝ፦ ከግሩብ በኋላ፣ ከዲስኩ በፊት። እዚያ መካከል ከከርነሉ ሌላ ያለው ኢኒትራምኤፍኤስ ብቻ ነው፤ ዋናው ዲስክ እስኪከፈት ከርነሉ የሚጠቀምበት ትንሽ ጊዜያዊ ሲስተም። ከርነሉ የኛን ሬይድና ኤልቪኤም፣ ዲስኮቹ የተጣመሩበትንና የተከፋፈሉበትን ዘዴ፣ የሚከፍትበትን ድራይቨር የሚያገኘው ከሱ ነው፤ እሱ ከሌለ ስንቅ ሳይቋጠርለት በሌሊት እንደወጣ መንገደኛ ነው።

ከርነሎቹና ኢኒትራምኤፍኤሶቹ የሚቀመጡበትን የዲስክ ክፍል፣ የቡት ክፍሉን ባየው 100 በመቶ ሞልቷል። ያን ጊዜ የተመደበለት 500 ሜጋባይት ነበር፤ ለዚያ ዘመን ይበቃ ነበር። ኢኒትራምኤፍኤሱ ግን ከዓመት ዓመት እየወፈረ ሄዷል፣ የቆዩት ከርነሎችም አልተነሡም። አፕዴቱ አዲሱን ከርነል ካስቀመጠ በኋላ ኢኒትራምኤፍኤሱን ሊሠራ ሲል ቦታ አጣ፤ አፕዴቱን የሚያካሂደው የአፕት ሎግ ላይም «ቦታ የለም» ብሎ በግልጽ ጽፎታል። በዚያው አፕዴት የግሩብ ጥቅልም ስለታደሰ የከርነሎቹ ዝርዝር እንደ አዲስ ተሠራና ጎደሎውን ከርነል ከላይ አሰፈረው። ኡቡንቱ 22.04 ላይ ነን፤ ሲስተሙ ያልተነገረውን አላደረገም፤ የጠበበው ቤቱ ነው።

ከዚያ ወዲያ ያለው አጭር ነው። የሚሠራውንና ከሱ በፊት የነበረውን ትቼ የቀሩትን አሮጌ ከርነሎች አስወገድኩ፣ የተቋረጠውን ጥቅል በጫኙ በዲፒኬጂ አስጨረስኩ፣ ኢኒትራምኤፍኤሱን አሠራሁ፣ ግሩቡን አደስኩ። አሁን ፋይሉ መኖሩን ብቻ ሳይሆን ውስጡንም ዘርዝሬ ሳላይ ሪስታርት አላደርግም።

ግን አንድ ነገር ቀረኝ፦ ከወደቀ በኋላ ለምን ራሱ ይነሣል? ፓኒክ የገባ ከርነል ካልታዘዘ በቀር ባለበት ቆሞ ነው የሚቀረው። የግሩብን ማዘጋጃ ፋይል ከፈትኩና አገኘሁሽ። «ፓኒክ እኩል ይሆናል 10» የምትለው፣ ፓኒክ ከገባ ከ10 ሰከንድ በኋላ ራሱ እንዲነሣ የምታዘው ትእዛዝ፣ ከላይዋም በአማርኛ የጻፍሽው ማስታወሻ፦ «ሰው ባይኖርም ራሱ ይነሣ»። ቅዳሜና እሑድ ቢሮው ተቆልፎ፣ ከጣርማበር ወዲህ ያለው መንገድ በጭጋግ ሲዘጋ፣ አንቺም ደብረ ብርሃን ሆነሽ ስትጨነቂ የጻፍሽው ነው። ይኼን አይቼ ደብዳቤ ሳልጽፍልሽ እንዴት ልተኛ?

«ይቺ ናት የበጠበጠችን፤ አጥፊያት» ያለኝ ሰው ነበር። አላጠፋኋትም። መስመርሽ ትክክል ናት፤ የጎደላት ጓደኛ ነው። ራሱ የሚነሣ ማሽን ሲነሣ ወደ ጤነኛው መመለሻ ያስፈልገዋል። ስለዚህ እንዲህ አድርጌዋለሁ፤ እስቲ ተመልከቺው። ግሩብ ካልታዘዘ በቀር የሚያስነሣውን ነባሪ ምርጫ «ሴቭድ»፣ ማለትም የተመዘገበው፣ አደረግኩና የሚሠራውን ከርነል መዘገብኩለት። አዲስ ከርነል ሲመጣ በ«ግሩብ ሪቡት» ለአንድ ጊዜ ብቻ እንዲሞከር አዝዘዋለሁ። ፓኒክ ከገባ ያንቺ መስመር ታስነሣዋለች፤ የአንድ ጊዜው ትእዛዝ ግን አስቀድሞ ተሰርዟልና በሁለተኛው የሚነሣው በአሮጌው ነው። በደኅና ከተነሣ ደግሞ እኔ ገብቼ አዲሱን ነባሪ አደርገዋለሁ። 10ን ወደ 60 አሳድጌዋለሁ፣ ስክሪኑ ፊት ያለ ሰው ጽሑፉን እንዲያነበው። ማስታወሻሽን ግን አንዲት ፊደል አልነካሁም።

የምጠይቅሽም ይኼን ነው። የአንድ ጊዜው ትእዛዝ እንዲሰረዝ ግሩቡ የራሱን ትንሽ ፋይል መጻፍ መቻል አለበት፤ የቡት ክፍላችን ከሬይዱና ከኤልቪኤሙ ውጭ ኤክስት4 በሚባለው ተራ የፋይል አቀማመጥ ስለሆነ ይጽፋል። ነገር ግን ክፍሉን ማስፋት አይቀርልንም፤ ሳሰፋው ወደ ሬይዱ ባስገባው ግሩቡ እዚያ መጻፍ ስለማይችል ይኼ ዘዴ ይሰበርብኛል። ባንዱ ዲስክ ላይ ብቻ ብተወው ደግሞ ያ ዲስክ የሞተ ቀን ምን ይነሣል? እኔ ተራውን ክፍል በሁለቱም ዲስክ ላይ ሠርቼ ይዘቱን እየገለበጥኩ ማቆየት ይሻላል ባይ ነኝ። አንቺ ምን ትያለሽ? ማሽኑን እንዳንቺ የሚያውቀው ሰው የለም፤ ከጥምቀት በፊት ልነካው አልፈልግም።

እማማ መጥተው ነበር። ደብተራቸውንና ስክሪኑን ጎን ለጎን አድርጌ አሳየኋቸው፤ ቁጥሩ አንድ ነው። መርቀውኛል፤ ምርቃቱ ላንቺም ነው።

እናቴ ከመንዝ በግ ፀጉር ባና አሠርታልሻለች፤ ለልጅሽ ይሆናል ብላ። ወደ አዲስ አበባ የሚወርድ ሰው ሲገኝ እልከዋለሁ፤ የቤትሽን አቅጣጫ ጻፊልኝ። የልጅሽንም ስም ንገሪኝ፤ እናቴ እስካሁን «ማን አለችው?» እያለች ነው።

ናፋቂሽ እኅትሽ