ግድግዳቸውን ለሰጡን የደብረ ብርሃን ነዋሪዎች የቀረበ የምስጋና መልእክት

ለከተማችን የቀበሌ ቤትና የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች፣ ለእድር ዳኞች፣ ለአናጺዎች፣ ባናቸውን ላዋሱን የመንዝ ልጆች፦

በቀበሌ ቤትና በኮንዶሚኒየም ታሪክና ኑሮ ላይ ያዘጋጀነው የሥዕልና የቅርጻ ቅርጽ ዐውደ ርዕይ በሰላም ተጠናቋል። እግዚአብሔር ይስጥልን! ማን ምን እንዳደረገ ሳይነገር የሚቀርብ ምስጋና ድካማችሁን ያሳንሰዋልና በዝርዝር እንናገር።

መጀመሪያ የኪራይ ደረሰኛችሁን ከሣጥን አውጥታችሁ ለሰጣችሁን አባቶችና እናቶች። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ፣ ወርሃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ። ኪራዩ ዝቅ ማለቱ ለድሃ ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ግን ከእሱ የሚገኘው ገንዘብ ቤት አያስጠግንም። ጣራው ሲያፈስ፣ የቋሚው እግር ሲበሰብስ ተከራዩ በራሱ ጭቃ ሲመርግ ኖረ። ይህን ከአዋጁ ይልቅ የእናንተ ደረሰኞች አጎልተው አሳዩልን። ወረቀቶቹን በፕላስተር አልለጠፍናቸውም፤ ፕላስተር ሲቆይ ቢጫ ይሆናል፣ ሲነሳም ጽሑፉን ይዞ ይሄዳል። ማዕዘኖቻቸው በወረቀት ኪስ ተይዘው ከመስተዋት ሥር ነው የዋሉት።

ከሁሉ የከበደን፣ ከሁሉም በላይ የሚያኮራን ግን ግድግዳው ነው። ሊፈርስ ከነበረ የቀበሌ ቤት፣ ጋዜጣ በጋዜጣ ላይ የተለጠፈበትንና የኩበት ጭስ ያጠቆረውን የጭቃ ግድግዳ ቆርጠን እንድናወጣ ፈቀዳችሁልን። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ሆኖ 15 ሳንቲ ሜትር የሚወፍር የጭቃ ግድግዳ ከ200 ኪሎ በላይ ይመዝናል። መዶሻና መሮ ካረፈበት ምርጊቱ ከማገሩ ይላቀቃል፤ ስለዚህ አናጺዎቻችን ማገሩን ጥርሱ በደቀቀ መጋዝ አንድ በአንድ ቆረጡት። ከዚያ በፊት ፊቱ ላይ ስስ ሻሽ በስንዴ ዱቄት ሙጫ ተለጥፎ ነበር፤ ሙጫው ቀጭን ነው፣ አንድ እጅ ዱቄት በአምስት እጅ ውሃ። በሻሹ ላይ ስፖንጅ፣ በስፖንጁ ላይ ጣውላ ተደግፎ ነው ግድግዳው የተጋደመው።

የደብረ ብርሃን ብርድ ሙጫን ቶሎ አያደርቅም፤ ዝም ከተባለ ይሻግታል። ከሰል አንድዶ ማድረቅም አይሆንም፤ በተዘጋ ክፍል ለሰው አደገኛ ነው፣ ጭቃውም ባንድ ወገን ቶሎ ደርቆ ይሰነጠቃል። የሚያዋጣው ቀን ቀን መስኮት ከፍቶ ነፋስ ማስገባት፣ ማታ ውርጭ እንዳይደርስበት መሸፈን ብቻ ነው። የመንዝ ባናዎቻችሁ ማታ ግድግዳውን አለበሱ፤ ዐውደ ርዕዩ ሲከፈት ደግሞ ጋዜጣውን ፀሐይ እንዳያነጣው መስኮት ላይ ተሰቀሉ።

ሻሹን የማንሳቱ ሥራ የእናቶች ነበር። ጋዜጣውም በዱቄት ሙጫ የተለጠፈ ስለሆነ ውሃ ከበዛ አብሮ ይነሳል። ሻሹ ብቻ በተጨመቀ እርጥብ ጨርቅ ይለሰልሳል፤ ከዚያ ወደ ራሱ ታጥፎ ግድግዳውን እየታከከ ቀስ ተብሎ ይሳባል። ፊት ለፊት ከተጎተተ ጥላሸቱም ፊደሉም ይሄዳል። ይህን ያለ አንድ ቅዳጅ ለጨረሱት እጆች ምን ብለን እናመስግን! ዕድሜ ይስጥልን።

የለንደኑ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም፣ ሮቢን ሁድ ጋርደንስ ከሚባለው የሕዝብ መኖሪያ ሕንፃ የሦስት ፎቅ ቁመት ያለው ክፍል እ.ኤ.አ. በ2017 ወስዷል፤ በ2018ም ከፊሉ ቬኒስ ላይ ታይቷል። ነዋሪው ተነስቶ ግድግዳው ብቻ ይከበራል ወይ የሚል ሙግት በዚያ ተነስቶ ነበር፤ ሙግቱ ትክክል ነው ብለን እናምናለን። እኛ ዘንድ ግድግዳው ብቻውን አልቆመም። በዚያ ቤት ልጅ ያሳደጉት እናት አጠገቡ ተቀምጠው የትኛው ጋዜጣ ለየትኛው በዓል እንደተለጠፈ ለጠየቀ ሁሉ ሲያስረዱ ዋሉ። እሳቸው ባይኖሩ ኖሮ የሚታየው ጭቃ ነበር።

ለኮንዶሚኒየም ነዋሪዎችም እንዲሁ። ደረጃውን ያሳየው ሥራ የተሠራው በቢጫ ጄሪካኖቻችሁ ነው። ውሃ ሲጠፋ አራተኛ ፎቅ የሚወጣው ባለ 20 ሊትር ጄሪካን 20 ኪሎ ነው፤ አሥራ ሁለቱ ተሞልተው ሲሰቀሉ 240 ኪሎ ይሆናሉ፣ ያንን ደግሞ የአዳራሹ ጣራ አይሸከምም። አናጺዎቹ ከባህር ዛፍ ራሱን ችሎ የሚቆም መስቀያ ሠርተው ገላገሉን። በእድሜ የገፉ ተመልካቾች አንዱን ጄሪካን አንስተው ሲሞክሩ ሥራውን ማብራራት አላስፈለገም።

የእድር ዳኞች ድንኳኑን፣ አግዳሚውንና ብርጭቆውን ያለ ኪራይ ሰጥታችሁናል፤ ቡና ያፈላችሁልን፣ ቆሎ የቆላችሁልን ብድራችሁን ይመልስልን።

ፎቶና ደረሰኝ ያዋሳችሁን፣ ንብረታችሁ በፖስታ ታሽጎ የቤት ቁጥራችሁ ተጽፎበታል። ባናዎቹ ተራግፈው ፀሐይ ላይ ውለዋል። ጄሪካኖቹ ታጥበዋል፤ ክዳናቸው እንዳይቀያየር በየአንገታቸው ታስሯል። የእድር ዳኞች ቤት ስለተቀመጡ፣ ሲመቻችሁ ጎራ ብላችሁ ውሰዱ።