ከማህፀን በር ካንሰር ሕክምና በኋላ የቀረበ ምስጋና

በሕመሜ ወራት ከጎኔ ላልተለያችሁ ሁሉ፦ ሕክምናዬን ጨርሻለሁ። ሐኪሜም «ከእንግዲህ የሚመጡት ለክትትል ብቻ ነው» ብለውኛል። እግዚአብሔር ይመስገን።

በሽታዬ የማህፀን በር ካንሰር ነበር። ስሙን በግልጽ የምጽፈው «ሆዷን አሟት ነው» እየተባለ ሲወራልኝ ስለሰማሁ ነው። ሆዴን አልታመምኩም።

ከሁሉ አስቀድሜ የማመሰግነው አንዲት ነርስን ነው። የሄድኩት ደም ግፊቴን ለመለካት ነበር። መለኪያውን ከክንዴ ላይ እየፈታች «የማህፀን በር ምርመራ አድርገው ያውቃሉ?» ስትል ጠየቀችኝ። ምንም ስሜት አልነበረኝም። እንደ አቼቶ የሚሸት ፈሳሽ ቀብታ ጥቂት ጠበቀች፤ ከዚያ ፊቷ ሳይለዋወጥ «የነጣ ቦታ አይቻለሁ፤ ምንነቱን የሚነግረን ናሙናው ነው» አለችኝ። ብዙ ጊዜ በዚህ ምርመራ የሚገኘው ገና ካንሰር ያልሆነ ለውጥ ነው፤ በሙቀት ወይም በቅዝቃዜ ታክሞ በዚያው ቀን ወደ ቤት ይኬዳል። የእኔ ያንን ደረጃ አልፎ ነበር፤ ሆኖም ከማህፀን በር ስላልወጣ በቀዶ ሕክምና ሊወገድ ቻለ። እሷ ባትጠይቀኝ ኖሮ ደም ሲፈሰኝ ነበር የምሄደው።

ቀዶ ሕክምናውን ያደረጉልኝን ሐኪሞች፣ ደም የለገሳችሁልኝን የሥራ ባልደረቦቼን አመሰግናለሁ። እህቴ ሆይ፣ የሽንት ከረጢቴን በእጅሽ አንጠልጥለሽ በኮሪደሩ ላይ ያመላለስሽኝን እንዴት እረሳለሁ?

ባለቤቴ ደግሞ ሌላ ሸክም ተሸክሞልኛል። «ከማን ይዟት ነው?» የሚለውን ሹክሹክታ በር ላይ እየመለሰ እኔ ዘንድ አላደረሰውም። የበሽታው መንስኤ ሂዩማን ፓፒሎማ የተባለ ቫይረስ ነው። የግብረ ሥጋ ግንኙነት ካላቸው ሰዎች አብዛኞቹ በሕይወታቸው አንድ ጊዜ ይይዛቸዋል፤ አብዛኛውን ጊዜም ሰውነት ራሱ ያስወግደዋል። በአንዳንዶቻችን ላይ ግን ይቆይና ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ባለው ጊዜ ወደ ካንሰር ያድጋል። ታዲያ ማን ማንን ሊጠይቅ ነው?

በአካል የማላውቃቸውን ሰው ላመስግን ብል አትሳቁብኝ፤ ጀርመናዊው ሐኪም ሃራልድ ዙር ሃውዘን ይህ ቫይረስ የበሽታው መንስኤ መሆኑን በማግኘታቸው እ.ኤ.አ. በ2008 የኖቤል ሽልማት ተሸልመዋል። ልጄ የወሰደችው ክትባት የመጣው በዚያ ግኝት ነው። ክትባቱ በተለይ ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉ ልጃገረዶች ይመከራል፤ ሁሉንም የቫይረሱን ዓይነቶች ስለማይከላከል ግን ልጄ አድጋም ምርመራው አይቀርላትም። ነግሬያታለሁ፤ አኩርፋለች።

የእኔን ሰምታችሁ የተመረመራችሁ ጓደኞቼ፣ ከማናቸውም አበባ ይልቅ ደስ ያሰኘኝ የእናንተ ስልክ ነው። ዕድሜያችሁ ከ30 እስከ 49 ሆኖ፣ ወይም ኤች አይ ቪ በደማችሁ ኖሮ 25 ዓመት ሞልቷችሁ፣ «በሚቀጥለው ሳምንት» እያላችሁ ቀጠሮ የምታስተላልፉትን ግን አውቃችኋለሁ። አሁን መራመድ ችያለሁ፤ መጥቼ ይዣችሁ እሄዳለሁ።