ቢሮ የለኝም

እህት ዓለም፣

ሁለት ዓመት ሙሉ ጠፋሁብሽ። ለእማማሽ ለቅሶ እንኳ አልደወልኩም። ነፍሳቸውን ይማር። አጥፍቻለሁ፣ ሰበብ አልደረድርም። ስድቡን ስንገናኝ እጠጣዋለሁ። አሁን ግን አንድ ነገር ልንገርሽና ይውጣልኝ።

እዚህ ኦሃዮ የማጥባቸው አንድ ሽማግሌ አሉ። አዎ፣ የማጥባቸው። ቢሮ ነው የምሠራው ያልኩሽ ውሸት ነው። አዛውንት መጦሪያ ውስጥ ገላ አጥባለሁ፣ ዳይፐር እቀይራለሁ። “ታናሼን እዚያ ቢሮሽ አስገቢልኝ” ስትይኝ ነው እግሬ አውጪኝ ያልኩት። ይኸው፣ ተናገርኩ። አትሳቂ!

ሽማግሌውን “ጋሽ ብረቱ” ነው የምላቸው። ያንግስታውን በምትባል ከተማ ብረት ፋብሪካ ይሠሩ ነበር። ሴፕቴምበር 19 ቀን 1977፣ ሰኞ ዕለት፣ ፋብሪካው ሊዘጋ ነው ተባለ። 5 ሺህ ያህል ሰው እንጀራውን አጣ። ቀኑን እስከ ዛሬ “ጥቁር ሰኞ” ይሉታል። በእኛ መስከረም 9 ቀን 1970 መሆኑ ነው። እኛ አገር ያኔ ምን ይካሄድ እንደነበር ታውቂያለሽ። አሜሪካ ግን ሁሉም ጠግቦ የሚያድር ይመስለኝ ነበር። ድሮ ከ160 ሺህ በላይ ሕዝብ የነበራት ከተማ ዛሬ 60 ሺህ ገደማ ነው የቀራት።

“ያኔ ክፉ ነበርኩ” ይሉኛል። ጥቁር ጎረቤት ሲገባ ፊት የሚያዞሩ፣ ሚስት ስታለቅስ የቴሌቪዥኑን ድምፅ የሚጨምሩ። ሥራው ሲቀር መጠጥ መጣ፣ ቤቱን ባንክ ወሰደው፣ ሚስትም ሄደች። ሌላ ሥራ ሲጠፋ እንደኔ በሽተኛ አጣቢ ሆኑ። ያ ሁሉ ጡንቻ! ደግሞ መጀመሪያ ያጠቡት ሰው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የድሮ አለቃቸው። ፋብሪካ ውስጥ ሲጮኹባቸው የኖሩት ሰውዬ። “ሳሙናው ከእጄ እያመለጠ አስቸገረኝ” አሉኝ። አንድም ቃል ሳይለዋወጡ ጨረሱ። በማግስቱ ሰውዬው ሌላ ሰው አያጥበኝም አሉ።

ጋሽ ብረቱ በዚያ ሥራ ነው ጡረታ የወጡት። የፋብሪካዋ ቆርቆሮ ምሳ ዕቃ ግን እስከ ዛሬ ኮመዲኖው ላይ አለች። ኪኒን ያስቀምጡባታል።

ትናንት እግራቸውን እያጠብኩ “እናትሽ ይህን እንደምትሠሪ ያውቃሉ?” አሉኝ። ሳሙናው አመለጠኝ። ሳቁብኝ፣ እስኪያስላቸው።

እና... ለእማዬ አንቺ ንገሪልኝ ልልሽ ነበር። አይ፣ ተይው። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ራሴ እደውላለሁ። አንቺ ግን ቡና አፍልተሽ አጠገቧ ቁጭ በይልኝ። ስልኩን ብትዘጋው መልሰሽ ደውይልኝ።

ያቺው ጠፊሽ