አንድ ቃል ይዘን ዓመቱ አለቀ፦ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ክበብ ዘገባ

መስከረም ላይ ለክበባት አስተባባሪው ያስገባነው ዕቅድ «በዓመቱ ውስጥ የ24 እንግሊዝኛ ቃላትን ታሪክ ማጥናት» ይላል። የሠራነው አንድ ነው። ማፈር ካለብኝ ከወዲሁ ልፈርና ልገላገል ብዬ ነው። አንዱ ቃል ግን ከጥቅምት እስከ ግንቦት ሲያነታርከን ከረመ።

ነገሩ የመጣው ከረባሾች ዝርዝር ነው። አንድ የ10ኛ ክፍል አለቃ፣ መምህር በቀረበት ክፍለ ጊዜ የረበሹትን ጽፎ ሲያመጣልኝ ከሁለት ሴት ልጆች ስም ትይዩ «ጎሲፕ» የሚል በእንግሊዝኛ ሰፍሯል። ለምን በአማርኛ አልጻፍክም ስለው «ቲቸር፣ ‹ሐሜት› ብዬ ብጽፍ ይጣሉኛል» አለኝ። በእንግሊዝኛ ሲሆን ነገሩ የሚቀል መስሎት ነው። በዚያው ወረቀት ላይ በመስኮቱ በኩል የሚቀመጡ ሦስት ወንዶችም ነበሩ፤ ከእነሱ ትይዩ የተጻፈው ግን «ወሬ» ብቻ ነው። ይህን ያስተዋለችው ከተከሰሱት ሁለት ልጆች አንዷ ናት። የክበባችን አባል ስለሆነች ረቡዕ በክበብ ሰዓት ዝርዝሩን ይዛ መጣችና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው። «እነሱ ወሬ፣ እኛ ሐሜት?»

ቤተ መጻሕፍታችን ውስጥ ሽፋኑ የተገነጠለ፣ ጀርባው በፕላስተር የተለጠፈ ወፍራም መዝገበ ቃላት አለ። ከየቃሉ ትርጉም መጨረሻ ላይ በቅንፍ የቃሉን ዘር ይናገራል፤ ተማሪ ግን ቅንፍ አያነብም። ያን ቀን አነበብን። የድሮው እንግሊዝኛ «ጎድሲብ» ነው ይላል። «ጎድ» ያው እግዚአብሔር ነው፤ «ሲብ» ደግሞ ዘመድ። ዛሬ ለወንድምና ለእህት በአንድነት «ሲብሊንግ» የምንለው ከዚሁ የወጣ ነው፤ እሱም ድሮ ዘመድ ማለት ሆኖ ጠፍቶ ከቆየ በኋላ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ላይ የሳይንስ ሰዎች ናቸው የቀሰቀሱት። እንግዲህ ጎድሲብ በእግዚአብሔር የተዛመደ ሰው ነው ብዬ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። ክፍሉ ትንሽ ዝም አለ። ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ «ቲቸር፣ ይሄ እኮ አበልጅ ነው!» ብላ ጮኸች።

ነው። ሃያ ደቂቃ ፈጅቼ ላስረዳ የነበረውን በአንድ ቃል ጨረሰችው። እንግሊዞች የልጃቸውን ክርስትና ያነሳላቸውን ሰው የሚጠሩት በዚህ ቃል ነበር። በመካከለኛው ዘመን ቤተ ክርስቲያናቸው፣ እንደኛው ሁሉ፣ አበልጅ ከአበልጅ እንዳይጋባ ትከለክል ነበር። ለወንድ ልጅ ሁለት ክርስትና አባትና አንድ ክርስትና እናት፣ ለሴት ልጅ ደግሞ በተገላቢጦሽ ይቆሙ ነበር። ለወንድ አንድ ወንድ፣ ለሴት አንዲት ሴት የለመዱት ልጆቻችን «ሦስት? ስጦታው ብዙ ነዋ» አሉ። አንድ ሙስሊም አባላችን የጡት ዝምድናን አነሳ፤ ከአንድ ጡት የጠቡ፣ ሥጋ ባይገናኙም፣ አይጋቡም። ሌላዋ ጉዲፈቻን ጨመረች። ያ ረቡዕ ደወሉ ተደውሎ እንኳ የሚወጣ ጠፋ።

የቃሉን ክብደት ያሳየን ግን አንድ ጳጳስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1014 ዴኖች እንግሊዝን እያመሱ ሳለ የዮርኩ ሊቀ ጳጳስ ዉልፍስታን ሕዝቡን በገሠጸበት ስብከት፣ በአገሩ ላይ ከተቆለለው ኃጢአት መካከል ብዙ ጎድሲቦችና የክርስትና ልጆች በየቦታው መገደላቸውን ይቆጥራል። አበልጁን የገደለ ሰው እኛ አገርስ ምን ይባላል? ማንም መልስ አልሰጠም። በዚያን ጊዜ ይህ ቃል ቀልድ እንዳልነበር ሁሉም ገባው።

«ደ»ይቱ የት ገባች የሚል ጥያቄ ስለተነሳ አንድ ስብሰባ ሙሉ በድምፅ ላይ ዋልን፤ እኔ ደግሞ ይህን ዓይነት ነገር ስወድ። እኛም እኮ «ይትሰበራል» አንልም፣ «ይሰበራል» ነው የምንለው፤ «ት» ወደ «ሰ» ገብታ «ሰ»ን አጥብቃ ጠፍታለች። በጎድሲብም «ደ» በ«ሰ» ተዋጠች፤ መጨረሻ ላይ «በ» ወደ «ፐ» ተለወጠና ጎሲፕ ሆነ። በተመሳሳይ መንገድ ሄዶ «ደ»ውን የጣለ ሌላ ቃል ፈልጉ አልኳቸው። በሚቀጥለው ሳምንት አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ «ጎስፔል»ን ይዞ መጣ። እዚያ ላይ ግን ጥንት «ጎድ» መልካም ማለት ነበር እንጂ እግዚአብሔር አልነበረም፤ «ስፔል» ደግሞ ወሬ ነው። መልካም ወሬ፣ ምሥራች፣ ወንጌል። ልጁ ትንሽ አሰበና «እንግዲያ ወሬ ያለው ወንጌሉ ውስጥ ነው፣ ጎሲፕ ውስጥማ ወሬ የለም» አለ። ዘንድሮ ከሰማሁት ሁሉ ይህን የሚያህል አላገኘሁም።

ታዲያ አበልጅ እንዴት ሐሜተኛ ሆነ? እዚህ ጋ ነው ዓመቱ ያለቀው።

መጀመሪያ ቃሉ ሰፋ። ከክርስትና አባትና እናት አልፎ ለልብ ወዳጅ ሁሉ ዋለ። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ገጣሚው ቾሰር አምስት ባል ባገባች አንዲት ሴት አፍ ስለ ጎሲቧ ሲናገር፣ ያቺ ወዳጇ ከደብሩ ቄስ የበለጠ ልቧንና ምስጢሯን ታውቅ እንደነበር ይነግረናል። ገና ስድብ የለበትም። ምስጢር የሚቀመጥባት ሴት ናት።

ከዚያ ወደ አራስ ቤት ገባን። እንግሊዝ አገር ሴት ምጥ ሲይዛት አዋላጇ ትጠራለች፤ ጎረቤቶቿና ወዳጆቿም ይሰበሰባሉ። ጎሲፕ የሚባሉት እነዚህ ናቸው። መስኮቱ ይጋረዳል፣ ወንድ አይገባም። ለአራሷና ለጠያቂዎቿ በወይን ጠጅ ወይም በቢራ ላይ እንቁላል፣ ስኳርና ቅመም ገብቶበት የሚሞቅ ኮድል የሚባል ወፈር ያለ መጠጥ ይቀርባል። አራሷ አንድ ወር ያህል ከቤት አትወጣም፤ ሕፃኑ ግን በቀናት ውስጥ ስለሚጠመቅ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይዘውት የሚሄዱት እነዚሁ ሴቶች ናቸው። ይህን ሳነብላቸው የልጆቹ ፊት ላይ አዲስ ነገር የሰማ ሰው ገጽታ አልነበረም። ማርያም ማርያም የሚሉትን፣ ገንፎውን፣ አጥሚቱን፣ የአርባና የሰማንያ ቀኑን ያውቁታል። «ኮድል ማለት አልኮል ያለው አጥሚት ነው» ብሎ አንዱ ማስታወሻው ላይ ጽፏል፤ አላረምኩትም።

እንግዲህ ሴቶች ብቻቸውን ተሰብስበው በሩ ተዘግቶ ሲያወሩ፣ ውጭ የቀረው ባል ምን ይላል? «ስለ እኔ ነው» ይላላ! ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ጎሲፕ ማለት ሥራ ፈትታ ወሬ የምታዛምት ሴት እየሆነ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1755 ሳሙኤል ጆንሰን ታዋቂ መዝገበ ቃላቱን ሲያሳትም ለቃሉ ሦስት ትርጉም ሰጠው። ሕፃን ሲጠመቅ ስለ እሱ ሆኖ መልስ የሚሰጥ፤ የመጠጥ ባልንጀራ፤ እንደ አራስ ጠያቂ ሴቶች ወሬ እየለቃቀመ የሚሮጥ። ሦስቱን ሰሌዳው ላይ ከላይ ወደ ታች ስንጽፋቸው ቃሉ ደረጃ በደረጃ ሲወርድ በዓይን ይታያል። ሰውን ትቶ የወሬው የራሱ ስም የሆነው ደግሞ ገና በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው። በዝርዝሩ የተቆጣችው ልጅ «መዝገበ ቃላቱን የጻፈው ሰውዬ አራስ ቤት ገብቶ ያውቃል?» ብላ ጠየቀች። አያውቅም። የእኔም ሐሳብ እዚያው ላይ ነው፤ ቃሉን ያወረዱት ክፍሉ ውስጥ ያልነበሩ ናቸው። አንዳንድ ወንዶች አልተስማሙም፤ ሴቶቹ በእርግጥ ያሙ ነበር አሉ። ያሙ ይሆናል። ወንዶቹም ጠጅ ቤታቸው ሲያሙ ቃል አልወጣላቸውም።

ነገሩ የእንግሊዞች ብቻ አይደለም። ፈረንሳዮች ክርስትና እናትን «ኮሜር» ይሏት ነበር፤ ዛሬ ሐሜተኛ ማለት ነው። በስፓኝ «ኮማድሬ» አበልጅም አዋላጅም ነች፤ ከእሷ የወጣው ግስ ግን ማማት ነው። የእኛ አበልጅ እስካሁን ክብሩን እንደያዘ ነው። ወሬ ግን ተንሸራቷል፤ «ምን ወሬ አለ?» ሰላምታ ሲሆን «ወሬኛ» ስድብ ነው።

ታኅሣሥ ላይ አንድ ልጅ ከቴሌግራም ያገኘውን ታሪክ ይዞ መጣ። ድሮ ባለሥልጣናት ሰላዮቻቸውን «ጎ፣ ሲፕ»፣ ማለትም «ሂድ፣ ጠጣ» እያሉ ወደ መጠጥ ቤት ይልኩ ነበር፤ ቃሉ የመጣው ከዚያ ነው ይላል። ታሪኩ ይጥማል፣ ለማስታወስም ይቀላል፤ ውሸት ነው። እኔ ግን ውሸት ነው ብዬ አልነገርኩትም። ዉልፍስታን በ1014 የጻፈውን ቃል ሰሌዳው ላይ ፊደል በፊደል ጻፍኩና «‹ጠጣ›ን እዚህ ውስጥ አሳየኝ» አልኩት። ፈለገ፣ ፈለገ፣ ሳቀና ተቀመጠ። በሳምንቱ በሚኒ ሚዲያ ቀርቦ ራሱ አስተባበለው፤ የዓመቱ ምርጥ ዝግጅታችን እሱ ነበር።

የቤት ሥራ ሰጥቼ ነበር፦ እናቶቻችሁን አበልጅ ምን እንደምትሠራ ጠይቁ የሚል። አሥራ አራት መልስ መጣ። ስትታመሚ ትመጣለች፣ ስትጣዪ ታስታርቃለች፣ ልጅሽን ትቆጣልሻለች፣ ብር ታበድራለች። አንዱ ልጅ የጻፈው ግን እንዲህ ነው፦ «እማዬና አበልጇ ማታ ማታ በስልክ ያወራሉ። አንዳንዴ 40 ደቂቃ። ስለ ምን እንደሚያወሩ ስጠይቃት ‹ስለ ሰው› አለችኝ።» ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እንግሊዝኛ ብዙ መቶ ዓመት የፈጀበት መንገድ በአንድ ስልክ ላይ!

ለወላጆች ቀን ጭውውት አዘጋጀን፤ አንዱ ትዕይንት የእንግሊዝ አራስ ቤት፣ ሌላው የእኛ። በልምምዱ ነጠላ ለብሰው ጠያቂ የሆኑት ወንዶች ናቸው። ዓይን እያጉረጠረጡ፣ አፍ እያጣመሙ፣ ጆሮ ላይ እያንሾካሾኩ ተጫወቱት። እኔም ስቄያለሁ። ሴቶቹ አልሳቁም፤ «ቲቸር፣ ዓመቱን ሙሉ የተማርነውን እኮ እነሱ በአምስት ደቂቃ መልሰው አበላሹት» አሉኝ። ልክ ነበሩ፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ትዕይንቱን ሴቶቹ እንደገና ጻፉት። በአዲሱ አራስ ቤት ማንም አይታማም፤ አንዷ ውሃ ታሞቃለች፣ አንዷ ትጸልያለች፣ አንዷ አራሷን ለማሳቅ የራሷን ምጥ ትተርካለች። በዕለቱ መብራት ጠፍቶ ማይክሮፎኑ ስላልሠራ ከሦስተኛው ረድፍ ወደ ኋላ የተቀመጡ ወላጆች ምንም አልሰሙም። ከፊት የነበሩት እናቶች ግን ምጡ ሲተረክ ከልጆቹ ቀድመው ይስቁ ነበር።

የቀረውን በአጭሩ። የተመዘገበው 31 ተማሪ፣ እስከ መጨረሻው የቆየው 14 ነው። የግድግዳ ጋዜጣ ሁለት ጊዜ አውጥተናል፤ ሦስተኛው በፈተና ምክንያት ቀርቷል። የፊደል ውድድሩን የ9ኛ ክፍል ቡድን አሸንፏል። መዝገበ ቃላቱ ውስጥ «ጎሲፕ» ያለበት ገጽ በብዛት ከመገለጡ የተነሳ ተነቅሏል፤ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ለዚህ ወቅሰውናል፤ ፕላስተሩን እኛ እንገዛለን።

የሚቀጥለው ዓመት ቃል «ሲሊ» ነው። ዛሬ ቂል ማለት ሲሆን ጥንት የተባረከ ማለት ነበር፤ ስለዚህ ክርክሩ ገና ክረምት ሳይገባ ጀምሯል። ዕቅዱን ይዤ ስገባ ርዕሰ መምህሩ «ዘንድሮስ ስንት ቃል ልበል?» አሉኝ።

«ሦስት» አልኳቸው። እሳቸው «ሁለት» ብለው ጻፉ።