ፔት ስካን፣ ግን በምን መድኃኒት?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ባለፈው እትማችሁ ስለ ፔት ስካን (ጨረር የሚሰጥ መድኃኒት ተወግቶ የሰውነት ውስጥ ፎቶ ስለሚነሳበት ምርመራ) የወጣውን ጽሑፍ ሱቄ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ጅማ መርካቶ በርጩማ የምሸጥ ሴት ነኝ፣ ሙያዬ አይደለም። ግን «ካንሰር የትም ቢደበቅ ያገኘዋል» የምትለዋ መስመር አላስቀምጥ አለችኝ። ጭንቅላት ላይ ሲሆን እንደዚያ አይደለም። እኛ ከፍለን ነው የተማርነው።

ታላቅ ወንድሜ የአንጎል ዕጢ በቀዶ ጥገና ወጥቶለት፣ ጨረርም ወስዶ ደህና ከርሞ ነበር። ከዓመት በኋላ ኤምአርአይ ሲነሳ የተቀደደው ቦታ አጠገብ ነጭ ነገር ታየ። ዕጢው ተመልሶ ይሁን፣ ጨረሩ የገደለው ሥጋ ይሁን በኤምአርአይ ብቻ መለየት ያስቸግራል አሉን። ሕክምናቸው ደግሞ ለየቅል ነው። የተሰጠን ወረቀት ላይ «ፔት ስካን» ከሚል በቀር ምንም የለም። ዕቁቤን አስቀድሜ ወሰድኩ፣ የጎደለውን ተበደርኩና ዴልሂ ይዤው ሄድኩ።

ተነሳ። ውጤቱ «መለየት አልተቻለም» ሆነ።

ለካ የተወጋው ኤፍዲጂ የሚባለው ነው። ጨረር የሚሰጥ ፍሎሪን 18 የተለጠፈበት ስኳር በሉት። ዕጢ ስኳር ስለሚሻማ እሱ ላይ ይከማቻል፣ ማሽኑም ያየዋል። ሳንባ ላይ ቢሆን ጥሩ ነበር። አንጎል ግን ራሱ የስኳር ሱሰኛ ነው። ፎቶውን ሳየው የወንድሜ ጭንቅላት በሙሉ እንደ ደመራ ቦግ ብሏል። እዚያ ውስጥ የቱ ተለይቶ ይታያል?

ሌላ ሐኪም «በአሚኖ አሲድ ነበር መነሳት ያለበት» አለን። ዕጢ አሚኖ አሲድ፣ ማለትም ፕሮቲን የሚሠራበትን ነገር፣ ይጎትታል፣ ጤነኛው አንጎል ግን ብዙም አይወስድም። እንደገና ከፈልን። ኤፍዶፓ በሚባለው፣ ፍሎሪን 18 በተለጠፈበት አሚኖ አሲድ ሲነሳ ፎቶው ጭር አለ። መሃል ላይ ግራና ቀኝ ሁለት ትንንሽ ቦታዎች ብቻ በርተዋል። ደነገጥኩ። እነሱ ጤነኛ ሰው ላይም የሚበሩ ናቸው አሉኝ። ያ ያስጨነቀን ቦታ ጨለማ ነበር። መቶ በመቶ ባይባልም የሞተ ሥጋ ነው ብለው ለእብጠቱ ኪኒን ሰጥተው ሸኙን።

ሰፈር ስንደርስ ደግሞ ሌላ ጣጣ። «ጨረር ተወግቷል» ተብሎ የወንድሜን ሲኒ ለብቻ ያስቀመጡ ጎረቤቶች ነበሩ። ፍሎሪን 18 በ110 ደቂቃ ግማሹ ይጠፋል፣ በማግስቱ ከምንም አይቆጠርም። እኛ ጅማ የገባነው በአራተኛው ቀን ነው!

እባካችሁ ያቺን መስመር አርሟት። ሐኪሞቻችንም ስትጽፉልን በምን መድኃኒት እንደሚነሳ አብራችሁ ጻፉ። የእኛ ወረቀት እስካሁን መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ሁለት ቃል ነው ያለበት።

በርጩማ ሻጯ፣ ከጅማ