አርባ ስምንት ርብራብ ጎድሎብኛል

ጅማ፣ ኅዳር 4 ቀን 2018 ዓ.ም

ለእንጨት ሥራ ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ

ጉዳዩ፦ የተረከብኳቸውን ስድስት የሕፃን አልጋዎች ይመለከታል

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ሁለት ጊዜ በአካል መጥቼ ነበር። መጀመሪያ ከተማ የሉም ተባልኩ። በሁለተኛው ቆመን ነው ያወራነው፣ ያውም የመሰንጠቂያው ማሽን እየጮኸ። ግማሹን የሰሙኝ አልመሰለኝም። ስለዚህ በጽሑፍ ላድርገው አልኩ።

እኔ ቤቴ ውስጥ ሕፃናት የማቆይ ሴት ነኝ። ከሁለት ረዳቶቼ ጋር 11 ልጆች እንይዛለን። እናቶቻቸው ሱቅ የሚነግዱ፣ ሆስፒታል የሚሠሩ፣ መጋዘን ውስጥ ቡና የሚለቅሙ ናቸው። የወሊድ ፈቃድ ከወለዱ በኋላ 90 ቀን ነው፤ ያውም ቅጥር ላላት። በቀን ሂሳብ ቡና ለምትለቅም ሴት እሱም የለም። አዲሱ ቡና ሲገባ ደግሞ ከጥቅምት ጀምሮ ልጅ ይበዛብኛል። በነሐሴ መጥቼ አልጋ ያዘዝኩት ለዚህ ነበር። መስከረም 20 ይደርሳል ተብሎ ጥቅምት 18 መጣ። በመዘግየቱ አልከራከርም። ክረምት ነበር፣ እንጨት አይደርቅም፣ መብራትም ይጠፋል።

የኔ ጉዳይ ክፍተቱ ነው።

ሳዝ ልኩን በደብተር ወረቀት ጽፌ ሰጥቻችኋለሁ፤ የወረቀቱ ፎቶ ስልኬ ላይ አለ። ርዝመት 120 ሴንቲ ሜትር፣ ወርድ 60፣ በርብራብና በርብራብ መካከል ያለው ክፍተት ከ6 የማይበልጥ። ይህን 6 የሚል ቁጥር ከራሴ አላመጣሁትም። የሕፃን ትልቁ ነገሩ ጭንቅላቱ ነው፤ ከዚያ በታች ቀጭን ነው። እግሩ ከሾለከ ወገቡም ይሾልካል፣ ደረቱም ተጨምቆ ይሾልካል። ጭንቅላቱ ላይ ሲደርስ ግን ይቆማል። ያኔ ልጁ የሚንጠለጠለው በአንገቱ ነው።

እናንተ ያመጣችሁት 9.3 ሴንቲ ነው። ሜትር ለሌለው ሰው ቀላል ሙከራ አለ፤ የጣሳ ለስላሳ በርብራቡ መካከል ካለፈ አልጋው ለሕፃን አይሆንም። እኔ ጋ ጣሳው ግራ ቀኝ ሳይነካ ነው ያለፈው። ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ። በአንዱ ረጅም ጎን 9 ርብራብ አለ፤ የእያንዳንዱ ወርድ 3 ሴንቲ። 13 ቢደረደር ክፍተቱ ከ6 በታች ይሆን ነበር። በየጎኑ 4 ተቀነሰ፣ በየአልጋው 8፣ በስድስቱ አልጋ 48። የ48 ርብራብ እንጨት ስንት እንደሚያወጣ እርስዎ ከኔ ይሻላሉ። እኔ ግን ለአንዱ አልጋ 9,500፣ በድምሩ 57,000 ብር ቆጥሬ ከፍያለሁ። በቀብድ 30,000፣ ቀሪውን ዕቃው ከመኪና ሳይወርድ። ሳልለካ መክፈሌ የኔ ጥፋት ነው፤ ሹፌሩ እየቸኮለ ነበር፣ ልጆቹም እያለቀሱ።

ጥቅምት 24 ከሰዓት፣ ልጆቹ ተኝተው፣ አጥሚት እያማሰልኩ ነበር። ለቅሶ አልሰማሁም። የሰማሁት የጨርቅ ድምፅ ነው፣ አንሶላ ሲጎተት ዓይነት። ቀና ስል የ9 ወሩ ልጅ እግሮች ከአልጋው ውጪ ናቸው። እስከ ብብቱ ወርዷል። ሁለት እጆቹ ወደ ላይ ቀርተው ያዙት እንጂ ሌላ የያዘው ነገር የለም። ያያል፣ አያለቅስም፤ ግራ ገብቶታል። እኔ ከታች ደገፍኩት፣ ረዳቴ አንዱን ርብራብ ስትስበው ተነቅሎ እጇ ላይ ቀረ። ምስማሩ ደካማ ባይሆን ኖሮ ምን እናደርግ እንደነበር አላውቅም። ይህን እንደ ምስጋና እንዳያዩብኝ። በአንዲት ሴት እጅ የሚነቀል ርብራብ፣ ለሚቆምና ለሚወዛወዝ ልጅ ምን ዋስትና ይሆናል?

እዚያው ለእናቱ ደወልኩ። ልጁ ብብቱ ሥር ካለ ቀይ መስመር በቀር ምንም አልሆነም፤ ዝም ብል ማንም አያውቅም ነበር። ነገር ግን በልጅ ላይ የደረሰ ነገር እዚያው መነገር አለበት። አምና አንዱ ሌላውን ነክሶት «ማታ እነግራታለሁ» ብዬ፣ እናትየዋ ቀድማ ከጎረቤት ሰምታ ሦስት ወር አኩርፋኛለች። የዚህኛው እናት ከመጋዘን በባጃጅ መጣች፤ ነጠላዋ ላይ የቡና ገለባ ነበረበት። አልጮኸችም። ልጇን አቅፋ አልጋውን ብቻ ስታይ ቆየች። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ አያቱ መጡ፤ እኛም በኦሮምኛ አኮ ነው የምንላቸው። ዞር ዞር ብለው አዩት። ጡጫቸውን በርብራቡ መካከል አስገብተው አወጡ። «እኛ በጀርባችን አዝለን ነው ያሳደግነው፤ ጀርባ ርብራብ የለውም» አሉኝ። ምን ልመልስ? ልጁን ወሰዱት። ታላቅ እህቱም እኔ ጋ ትውል ነበር፣ እሷንም።

ጋሼ፣ በዚህ ሥራ ከወላጅ ጋር መጨቃጨቅ የየቀኑ ነው። 11 ሰዓት ተብሎ 1 ሰዓት የሚመጣ የባጃጅ ሹፌር አባት አለኝ፤ ሁሌ መንገድ ተዘግቶበት ነው። ትኩሳት ያለውን ልጅ ሽሮፕ አጠጥታ «ደህና አድሯል» ብላኝ የምትሮጥ እናት አለች። የወሩን ክፍያ በሦስት ቁራጭ የሚሰጡ አሉ። የአንዷ ልጅ የጾም ምግብ ብቻ ይብላ ትባላለች፣ የሌላዋ እናት ሥጋው ከየት እንደተገዛ ትጠይቀኛለች፤ ትክክል ናት። ይህን ሁሉ ተቻችለን የምንውለው ልጁ እኔ ጋ ምንም አይሆንም ብለው ስለሚያምኑ ነው። የተነካብኝ እሱ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሦስት እናቶች ጠዋት ልጃቸውን ከማስረከባቸው በፊት ገብተው የሚተኛበትን ያያሉ። አልከለከልኳቸውም።

እርስዎ የሰጡኝ መልስ ሁለት ነበር። አንደኛው «ፎቶው ላይ ያለውን ነው የሠራነው» የሚል። ያሳየኋችሁ የአልጋ ፎቶ ለቅርጹ ነው፤ ልኩ ወረቀቱ ላይ ነበር። ሁለተኛው «ትራስ ደርድሪበት» የሚል። ይህኛው ነው ቤቴ እስክገባ ያንገበገበኝ። ዓመት ያልሞላው ልጅ አልጋ ላይ ትራስ አይገባም። ፊቱ ከተቀበረበት ዞሮ መውጣት አይችልም። ጠንከር ያለ ፍራሽ፣ የተወጠረ አንሶላ፣ ልጁ በጀርባው፤ ሌላ ምንም። እርስዎ ክፉ አስበው እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ለክፍተቱ መድፈኛ ብለው የመከሩኝ ሌላ አደጋ ነው።

ሌላም አለ። አራቱም ጎን አይንቀሳቀስ ብዬ ነበር፤ እናንተ አንዱን ጎን ወደ ታች የሚወርድ አድርጋችሁታል። አናጺው «ለወገብዎ ብለን ነው» አለኝ። እግዜር ይስጠው፣ ወገቤንስ ያመኛል። ይሁን እንጂ እንዲህ ዓይነቱ አልጋ መንጠቆው ሲላላ ጎኑ እየተከፈተ ስንት ሕፃን ስለጎዳ፣ አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ2011 እንዳይሸጥ አግደውታል። ቀለሙስ የምን ቀለም ነው? ስጠይቅ ጽሑፉ የተላጠ ቆርቆሮ ነው የታየኝ። ጥርስ የሚያበቅል ልጅ የላይኛውን እንጨት ቀኑን ሙሉ ያኝከዋል። በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከ90 ፒፒኤም፣ ማለትም ከሚሊዮን እጅ 90 እጅ፣ እንዳይበልጥ በአገራችን በመንግሥት ደንብ ተገድቧል። እርሳስ ደግሞ የልጅን አእምሮ የሚጎዳ ብረት ነው።

ዕቃው ከሌላ ከተማ ቢመጣ ይህን ያህል አልናደድም ነበር። ጅማ እኮ በርጩማን ከነእግሩ ከአንድ ግንድ ጠርባ የምታወጣ ከተማ ናት። ጅሬን ወጥተን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት እንጨት እያየን ያደግን ሰዎች 13 ርብራብ መደርደር ያቅተናል?

አሁን የምጠይቀው ይህንን ነው። የስድስቱም አልጋ ርብራብ በየጎኑ 13 ሆኖ፣ በምስማር ሳይሆን በብሎንና በኮላ ይጠበቅልኝ። የሚወርደው ጎን ይዘጋልኝ። ቀለሙ ተፍቆ፣ ስሙ ከነቆርቆሮው የሚታይ ቀለም ይቀባልኝ፤ ካልተገኘ እንጨቱ እንዲሁ በደንብ ተልጎ ይቅር፣ ደስ ይለኛል። ሥራው ከ10 ቀን እንዳያልፍ፤ ልጆቹ ፍራሽ አንጥፈን ሲሚንቶ ላይ ነው የሚተኙት፣ ሲሚንቶው ደግሞ ይቀዘቅዛል። ይህ የማይሆን ከሆነ አልጋዎቹን ወስዳችሁ 57,000 ብሬን መልሱልኝ። ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው ይህን የመጠየቅ መብት በሕግ አለው። ወደ ንግድ ቢሮ መሄድ ግን አልፈልግም፤ አንድ ሰፈር ነን፣ ነገ ለቅሶ ላይ እንገናኛለን።

የተነቀለውን ርብራብ አስቀምጬዋለሁ፤ ምስማሩ አብሮት አለ። ሰው ሲልኩ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በኋላ፣ ከ6 ሰዓት በፊት ይሁን። ከ6 እስከ 9 ልጆቹ ይተኛሉ፤ በዚያ ሰዓት ቤቴ ውስጥ መዶሻ አይመታም።

ከአክብሮት ጋር፣
የሕፃናት ማቆያው ባለቤት