ወዛደር የሌለበት የወዛደር ወሬ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጣና ዳር፣ ዛፍ ሥር፣ ሃያ የሚሆኑ ወጣቶች ስለ ማርክሲዝም ሲወያዩ ጠጋ ብዬ አዳመጥኩ። ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የፔዳና የፖሊ ግቢዎች የመጡ ተማሪዎች ይመስላሉ። እኔ ይህን ነገር የማውቀው በደርግ ጊዜ፣ ከመሥሪያ ቤታችን የውይይት ክበብ ነው። ያኔ መቅረት ያስጠይቅ ስለነበር እያንቀላፋንም ቢሆን እንገኝ ነበር። በፈቃዱ የሚመጣ ሰው ማየቴ ገረመኝ።

«መሬት ለአራሹ» ሲነሣ ሞቅ አለ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ገበሬውን ከጭሰኝነት ማላቀቁን አንዲት ልጅ ጥሩ አድርጋ አስረዳች። መሬቱን መሸጥም ሆነ ማከራየት መከልከሉን ግን ማንም አላነሣም። ቀይ ሽብርም በአንድ ዓረፍተ ነገር ታለፈ። እርስ በርስ የተላለቁት እኮ ሁሉም ማርክስን የሚጠቅሱ ነበሩ!

ከሁሉ የበለጠውን ጥያቄ ያነሣው አንድ የባጃጅ ሾፌር ነው። «ለባለቤቱ የቀኑን ገቢ አስገባለሁ፣ ቤንዚኑ ከእኔ፤ ጎማ ሲፈነዳም እኔው ነኝ። ወዛደር ነኝ ወይስ ነጋዴ?» አለ። አወያዩ «ጥሩ ነጥብ ነው» ብሎ ወደ ሚቀጥለው ተናጋሪ አለፈ። ሾፌሩም ስልኩ ጠርቶ ሄደ።

አዘጋጆቹን የምለምነው ቀኑን ወደ እሑድ እንዲያዞሩት ነው። ቅዳሜ የቀን ሠራተኛው ሥራ ላይ ነው። ሾፌሩንም ፈልገው ቢጠሩት ደግ ነው፤ መልሱን እኔም መስማት እፈልጋለሁ።

ጡረተኛ፣ ከባሕር ዳር